ለራሱ ሽማግሌ የሆነው ሻምበል

ሠራዊቱ በሰማንያ ሦስት ሲበተን ሻምበል አያሌውን ሽጉጡንም ደመወዙንም ተረከቡት፤ ግርማ ሞገሱን ግን የሚረከብ አልተገኘም። ይዞት መርሳ ገባና መናኸሪያ ላይ ተራ አስከባሪ ሆነ። አቤት አያያዙ! የወልድያን ተሳፋሪ በቀኝ፣ የደሴን በግራ አሰልፎ፣ ፊሽካውን ነፍቶ «ተጠንቀቅ!» ሲል ፍየሉን የሚጎትተው ገበሬ ሳይቀር ቀጥ ይላል።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ከአንድ ሰው የተቀዳ ነው። ሻምበሉ በጦር ትምህርት ቤት ሳለ ስለ አንድ የፕሩሺያ መኮንን ተምሮ ነበር። «ፕሩሺያ ጀርመን አንድ አገር ሳትሆን በፊት የነበረች ናት» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። የመኮንኑን ስም ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ እያለ ስለሚጠራው የመርሳ ሰው «ሰውዬው» ብሎ ተገላገለ። ሰውዬው ጢም ሳያበቅል ሠራዊት ገባ፤ ሦስት ጦርነት ዘመተ፤ አንድም ቀን ከወታደሩ ኋላ ቆሞ አያውቅም። ሻምበሉ ሦስተኛው ድል ላይ ሲደርስ ፊሽካውን ነፍቶ ወሬውን ይዘጋል።

መናኸሪያው በር ላይ ፓፓያ የምትሸጠው ፋንቱ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ታሪኩን ከራሱ ከሻምበሉ እኩል ታውቀዋለች። አንድ ቀን ታዲያ፣

«ሻምበል፣ ከዚያ በኋላስ? ሚስት አልነበረውም?» አለችው።

ሻምበሉን ሳል ያዘው። «አውቶቡስ መጣ» ብሎ ጥሏት ሄደ። አውቶቡስ የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም።

ነገሩ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ወዷታል። እምቢ ካለችው ያቺን አንድ ክፍል ቤቱን ከነዝምታዋ ታቅፎ መቅረቱ ነው። ጭንቅ ሲለው ቄስ ሞላንና ሁለት ሽማግሌዎች ወደ አጎቷ ወደ አቶ ብርሃኔ እንዲሄዱለት ለመነ። እስከዚህ ወግ ነው። እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሊነሡ ሲሉ ግን ሻምበሉ ካፖርቱን ቆልፎ ከፊታቸው ተገትሯል።

«ምነው ልጄ! ጠያቂ ቤቱ ሆኖ ነው እንጂ የሚጠብቅ!» አሉ ቄስ ሞላ።

«አዛዥ ከኋላ አይቀርም፣ አባ። ሰውዬው እኮ...»

«ሰውዬውን ተወውና! አንተን ፊታችን አቁመን እንዴት አድርገን እናሞግስህ?»

ማን ሰምቶ! ወይ ግትርነት!

አቶ ብርሃኔ ቤት ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ቄስ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «የምንለምንለት ሰው ደህና ንብረት ያለው...» ከማለታቸው፣

«እርማት፣ አባ! አንድ ክፍል ቤት ነው ያለኝ» አለ ሻምበሉ።

«ቁጣ የማያውቅ...»

«እርማት! እቆጣለሁ።»

ቄሱ ወደ ጣራው ቀና ብለው ፈጣሪያቸውን ለመኑ። አቶ ብርሃኔ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው በዕድሜዬ ዛሬ አየሁ! ንቀት ነው ይሄ። በሉ በመጣችሁበት...»

«ጋሼ፣ አንዴ ይታገሡኝ» የሚል የፋንቱ ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። «ሻምበል፣ የሰውዬው መጨረሻ ምን ሆነ?»

አሁን ሳሉም አልደረሰለት። ሻምበሉ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ሲያሻሽ ቆየ።

«ቤቱ ገባ» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻውን ኖረ። ሲሞት ዐይኑን የሚከድንለት እንኳ አልነበረም። ሜዳሊያዎቹ ግድግዳ ላይ ነበሩ። እኔ እሱን ፈርቼ ነው የመጣሁት።»

አቶ ብርሃኔ ወደ መጋረጃው አዩ። ፋንቱ ለመቀመጫ የእንጨት ዱካ ይዛ ወጣችና ሻምበሉ እግር ሥር አስቀመጠችለት።

«ይቀመጡ» አለችው። «ያ ሰውዬ ግን ቤታችን አይገባም።»

ሻምበሉ ተቀመጠ።