ከሰዓቱ በላይ የተመታችው ቀለህ

በሰሜን ሞንታና፣ በካርበሪ ከተማ፣ የአርዲስ ቁርስ ቤት ጣሪያ ሥር አንድ ወፍራም ወራጅ አለ። ወራጁ ላይ አሥራ ሰባት የናስ ቀለሆች፣ የተተኮሱ ጥይቶች ባዶ ቀፎ፣ ተመትተዋል። እያንዳንዷ ቀለህ በአንድ ጥይት ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ ሦስት የመሬት ሽኮኮዎች የጣለ ሰው ምስክር ናት፤ ከአሥራ ሰባቱም አምስቱ የኦርቪን ሃውገን ናቸው። ከግድግዳው ሰዓት በላይ ያለው የወራጁ ጫፍ ግን ባዶ ነበር። ያ ቦታ በአንድ ጥይት አራት ለሚጥል ሰው የተተወ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አልደረሰበትም።

ኦርቪን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ዕቃን ሁሉ ፈትቶ ካልገጠመ ልቡ የማያርፍ ሰው ነው። አውቶቡስ ሠርቶ ሲጨርስ ቁልፉን ለሾፌሩ ወርውሮ አይሄድም፤ የተበላሸውን ብረት ጨርቅ ላይ ዘርግቶ፣ ምኑ እንደተበላ፣ ለምን እንደተበላ፣ ሌላ ጊዜ ሊበላ ሲል ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ አንድ በአንድ ያስረዳ ነበር። ሾፌሮቹ "ኦርቪን ጋ የምትሄድ ከሆነ ስንቅህን ቋጥር" ይሉ ነበር።

አተኳኮሱም እንደዚሁ ነው። ጥይቱን ራሱ ይሞላል፤ ባሩዱን በትንሽ ሚዛን ይመዝናል፤ እያንዳንዱን ተኩስ፣ ርቀቱንና ነፋሱን ጭምር፣ በሰማያዊ ደብተር ይጽፋል። በአንድ ጥይት ብዙ መጣል ደግሞ በእርግጥም የሚያስደስት ስሌት አለው። ሽኮኮ ተኳሽ ሁሉ የሚወደው ቀላልና ፈጣን አረር የመጀመሪያዋን ሲነካ እዚያው ይበታተናል፤ አንዷን አፍርሶ ያልቃል። ሦስት የሚፈልግ ሰው ከበድ ያለ፣ ጫፉ የማይፈነዳ አረር ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ አረሩ ማለፍ የሚችለው ሽኮኮዎቹ ተነካክተው በአንድ መስመር ሲቆሙ ብቻ ነው። ሽኮኮ ግን እያንዳንዷ በየጉድጓዷ አፍ እንደ ካስማ ቀጥ ብላ ትቆማለች እንጂ ለማንም አትሰለፍም። ታዲያ ምን ያሰልፋቸዋል?

መልሱን ያገኘው ከደብተሩ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ የጣለባቸውን ሠላሳ አንድ ተኩሶች ለይቶ ሲያይ፣ በሃያ ሁለቱ ሽኮኮዎቹ የተሰበሰቡት ቀድሞ በሞተች ሽኮኮ ላይ ነበር። የመሬት ሽኮኮ የወገኗን ሥጋ ትበላለች። የአገሩ ሰው ሁሉ በየመንገዱ ያየዋል፤ መኪና የጨፈለቃትን ሊበሉ መጥተው እነሱም ይጨፈለቃሉ። ኦርቪን ግን ነገሩን ዘዴ አደረገው። አንዷን ወፍራም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይጥላትና እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። ጓደኛው ዴልመር ፕሩት ለዚህ ዘዴ ስም አወጣለት። "ገበታ" አለው።

ደንቡም ይታወቅ። የተኮሰው ሰው ከጠመንጃው አይነሳም። በመነጽሩ ቦታውን ይዞ ይቆያል፤ ምስክሩ ሄዶ ይቆጥርና ተመልሶ ይናገራል። ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ጉድጓድ በጉድጓድ በሆነ ሜዳ ላይ ቦታው በቀላሉ ስለሚጠፋ ነው። ከዚህ የተነሳ በካርበሪ አንድ አባባል አለ፦ የሄደ ያያል፣ የተኮሰ ያወራል። ለአምስቱም የኦርቪን ቀለሆች የሄደው ዴልመር ነው። ኦርቪን አንድም ቀን ሄዶ አያውቅም።

ሰባ አንድ በሞላው ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ በቀኝ ዓይኑ መሃል እንደ ጭስ ያለች ነጥብ ቆመች። ሐኪሟ አየችና "ትሰፋለች እንጂ አትጠፋም" አለችው። የሚተኩሰው በቀኝ ዓይኑ ነው። የቀረው ይህ አንድ ጸደይ ብቻ ነበር፤ አራቱን አሁን ካልጣለ ያ ጫፍ ባዶውን ይቀራል።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ ሁለቱ ሽማግሎች ወደ አንዲት ባልቴት የአልፋልፋ እርሻ ሄዱ። ባልቴቲቱ ሽኮኮዎቹ ድርቆሿን ስለሚጨርሱባት፣ ላሞቿም በጉድጓዶቹ እግራቸውን ስለሚሰብሩ ተኳሽ ሲመጣላት ደስ ይላታል። ዴልመር ከመኪናው ሲወርድ ራሱ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ጉልበቱ ዞረበት።

"በላችኝ! ላም መሰልኳት!" እያለ ይዘውት በመጡት ወንበር ላይ ተዘረጋ።

"እንሂድ ሐኪም ጋ?"

"ተቀመጥ አንተ ሰውዬ! ጉልበቴ ነገም ጉልበት ነው። ያንተ ዓይን ግን እንደ አርዲስ ቡና እየደፈረሰ ነው። በል ገበታህን ዘርጋ።"

ኦርቪን በመጀመሪያ ጥይት አንዲት ወፍራም ሴት ሽኮኮ ከአፈር ክምሩ ጫፍ ላይ ጣለ። ከዚያ አረሩን ለወጠ፤ ከባዱን አጎረሰ። ጠበቁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ቀጥሎ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ።

"አንድ መጣ እንግዳ" አለ ዴልመር በራሱ መነጽር እያየ። "ሁለት። ቀርበዋል፣ እየበሉ ነው። ሦስት... እንዳትተኩስ!"

"አልተኮስኩም።"

"አራተኛው ጎረቤት ቆሞ ያመነታል። ና አንተ፣ አትፈር፣ ቤትህ ነው። ገባ! ኦርቪን፣ ገባ!"

በመነጽሩ ውስጥ አራት ጀርባዎች በአረሩ መስመር ተነካክተው፣ ራሳቸውን ደፍተው፣ በአንድ ማዕድ እንደተቀመጡ ማኅበርተኞች ይታያሉ። ኦርቪን ጭስ የመሰለችዋን ነጥብ ወደ ጎን አሸሽቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቃታውን ሳበ። አቧራ ቦነነ። ሲጠራ የቆመ ነገር አልነበረም።

ዴልመር ጮኾ ሊነሳ ሲል ጉልበቱ መልሶ አስቀመጠው። "አራት! በእናቴ አራት! ሂድና ቁጠር!"

"የሚሄደው ምስክር ነው።"

"በምን እግሬ? እኔ ከዚህ በመነጽር አይሃለሁ፣ እጄን እያወዛወዝኩ እመራሃለሁ። አሁን ካልሄድክ ጭልፊት አንዷን ይወስድና ሦስት ያደርግብሃል። ሂድ አንተ ግትር!"

ስለዚህ ኦርቪን ሄደ። ሁለት መቶ ሠላሳ አራት እርምጃ ነበር፤ እንደ ልማዱ ቆጠረው። ግማሽ መንገድ ላይ ሽታው ተቀበለው። ባለፈው ሳምንት የጣላቸው በየጉድጓዱ አፍ ተነፍተው ተኝተዋል፤ ዝንቡ ሲነሳ እንደ ጨርቅ አንድ ላይ ተነሳ። አፉን በክንዱ ሸፍኖ ቀጠለ።

አፈር ክምሩ ላይ ሲደርስ ወዲያው መቁጠር አልቻለም። ሙሉ ሆኖ የተኛ አልነበረምና። ራስ አለ፣ ወገብ አለ፣ ከሣሩ ጋር የተጠቀለለ አንጀት አለ። ዕድሜ ልኩን የተፈታ ዕቃ ሲገጥም የኖረ ሰው ነውና ተንበርክኮ ያንኑ አደረገ፤ የትኛው ራስ የየትኛው ወገብ እንደሆነ በእንጨት እየገፋ አገጣጠመ። ሁሉም መዳፍ አይሞሉም። ግልገሎች ናቸው። ሲበሏት የነበረችው ወፍራሟ ሴት ሆዷ ተከፍቷል፤ ከጡቶቿ የፈሰሰው ወተት ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ቀለም ወርዷል። ጉድጓዱ የእሷ ነው። ከጉድጓዱ የወጡትም እነሱ ናቸው። ከእሷ ሌላ የሚቀርቡት አልነበራቸውም።

ሦስቱን ገጠመ። አራተኛው ከወገቡ በታች የለም። አፉ ግን ያኝካል። ኦርቪን ጎንበስ ብሎ አየው። ከእናቱ ሆድ የወሰደውን ሥጋ ገና አልዋጠም፤ ያኝካል፣ ያኝካል።

በጫማው ተረከዝ ጨረሰው። ከዚያ የጠዋት እንቁላሉና ቋሊማው በአፍንጫውም በአፉም ወጣ። ከሩቅ ዴልመር ኮፍያውን ያወዛውዛል።

ሲመለስ ዴልመር "ስንት?" አለው።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"እንዴት?"

"ትንንሽ።"

ዴልመር ኮፍያውን አደረገ። "ግንቦት ነው እኮ ኦርቪን። በግንቦት ምን ይሆናሉ ብለህ ነበር?"

"አምስቴ ሄደህልኛል። አንድ ቀን አልነገርከኝም።"

"አልጠየቅከኝማ! ደግሞስ የሄደ ያያል፣ የተኮሰ ያወራል። እኔ ያየሁትን ባወራ ኖሮ አንተ ምን ታወራ ነበር? ስንት ናቸው በለኝ እንጂ።"

ኦርቪን በደብተሩም በአፉም የተሳሳተ ቁጥር ሰጥቶ አያውቅም። "አራት" አለ።

በማግሥቱ አርዲስ ቤት የገባው ሰው ብዛት ለሠርግ ነበር የሚመስለው። ዴልመር በክራንች መጥቶ ወሬውን ቀድሞ ነዝቶታል። መዶሻውም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ቀለህዋ ከመመታቷ በፊት ተኳሹ ያወራል፤ ይህም ደንብ ነው። ሰዉ ሁሉ ስለ ነፋሱ፣ ስለ አረሩ፣ ስለ ትዕግሥቱ ሊሰማ ሹካውን ይዞ ዞረ።

ኦርቪን ተነሳ። ያወራውም ሄዶ ያየውን ነው። እንደ ተበላሸ ሞተር፣ ሳይቸኩል፣ ሳይዘል፣ አንድ በአንድ ዘረዘረው፤ ሽታው ከየት እንደጀመረ፣ ራሱን ከወገቡ እንዴት እንዳገጣጠመ፣ ወተቱ በየት እንደወረደ። አንዱ ሹካውን አስቀመጠ። ሌላው ሳህኑን ገፋ። ስለሚያኝከው ሲጀምር አርዲስ የቡና ጀበናዋን ጠረጴዛው ላይ መታችው።

"ኦርቪን! ሰው እየበላ ነው!"

"እነሱም እየበሉ ነበር" አለ ኦርቪን።

ከወደ ምድጃው አንድ ሰው "ሰውዬው ታመመ እንዴ?" አለ። ሁሉም ሳህናቸውን ነው የሚያዩት፤ ፊታቸው የተኮማተረው ግን በኦርቪን ላይ ነበር። ከመካከላቸው አራቱ በዘመናቸው ምስክር ሆነው የሄዱ ናቸው። አንዳቸውም ቀና አላሉም።

ዴልመር ሳቀ፣ ቤቱን ለማዳን። "እሺ አንተ ቀባሪ፣ አስለቀስከን! አንድ ጥያቄ ብቻ መልስ። አራት ናቸው ወይስ አይደሉም?"

"ናቸው።"

"በቃ!"

ኦርቪን "ተው" ሊል አፉን ከፈተ፤ ቁጥሩን የሰጠው ግን ራሱ ነው። አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ ቀለህዋን ከሰዓቱ በላይ በሦስት ምት አስገባት። ከወራጁ የረገፈው አቧራ እንቁላሉ ላይ ወረደ። ሰዉ አጨበጨበና መልሶ መብላት ጀመረ።

ኦርቪን ከዚያ ወዲህ ወደ እርሻው አልሄደም፤ ሰማያዊው ደብተርም በአራት ቁጥር አብቅቷል። ቁርስ ግን አርዲስ ጋ ይበላል፤ ሌላ ቁርስ ቤት የለም። ቋሊማ ትቷል፣ አጃ ነው የሚያዝዘው። ወንበሩንም ለውጦ ጀርባውን ለሰዓቱ ሰጥቶ ይቀመጣል። መሄጃው ሲደርስ ሰው ይጠይቃል፦ "ስንት ሰዓት ነው?" ሰዉ ለዓይኑ እያዘነለት ይነግረዋል።

አንድ ቀን ዴልመር ጉልበቱን እያሸ "ዞር ብለህ እየው እንጂ፣ ያውልህ፣ ከቀለህህ ሥር" አለው።

"አይታየኝም" አለ ኦርቪን።

ግራ ዓይኑ ግን ደህና ነበር።