በሱፍ ዘይት የከረመው ሞተር

ጁባ ከተማ፣ ካቶር ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ያላት ማሚቱ ሁለት ቁልፎች ነበሯት። የገንዘብ መሳቢያዋን ቁልፍ የትም ጥላው ትውላለች። የጓዳ ማከማቻዋ ቁልፍ ግን ከማተቧ ጋር ታስሮ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። የሚያውቋት ሁሉ ወርቅ የደበቀች ይመስላቸው ነበር፤ የደበቀችው ግን የጋሼ ሠርፀን የቮልስዋገን ሞተር ነው።

ሠርፀ መካኒክ ነው። ቮልሷን ከአባቱ ወርሶ፣ ከአዲስ አበባ በሞያሌ፣ ከዚያም በኒሙሌ በኩል እስከ ጁባ ድረስ ነድቷት መጥቷል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተማይቱ በተኩስ ስትናወጥ ሞተሩ ለእድሳት ወርዶ ነበር። ሠርፀ ለመሸሽ ሻንጣውን ባዘጋጀባት ዕለት መኪናዋን በማሚቱ ጓሮ አቆመ፤ ሞተሩን በወፍራም ላስቲክ ጠቀለለና ማከማቻዋ ውስጥ በእንጨት መደብ ላይ አሳረፈው።

«ማሚቱዬ፣ አደራሽን!» አላት። «የመኪናዋ አካል ቢበሳ ይበየዳል፤ ይሄ ከዛገ ግን አባቴን ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው። በወር አንድ ጊዜ እነዚህን አራት ካንዴላዎች ፍቺና በየቀዳዳቸው አንድ ማንኪያ ዘይት አፍስሺ። ከዚያ ይህን የቺንጋውን መዘውር ይዘሽ ሞተሩን ሁለት ጊዜ አዙሪው።»

«ለስንት ጊዜ ነው፣ ጋሼ?»

«ለወር ቢሆን ነው።»

ወሩ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ሠርፀ ሐዋሳ ሥራ ይዞ በዚያው ቀረ። ማሚቱ ግን ቀኑ እንዳይረሳት በወርኃዊው የማርያም ዕለት አድርጋው፣ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ማንኪያዋን ይዛ ወደ ማከማቻው ትገባ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ጠብታ አንጠልጥሎ አገኘችው። በላስቲክ የታሰረ በርበሬ እንዴት እንደሚያልበውና እንደሚሻግት የምታውቅ ሴት ናትና፣ ጊዜ አላጠፋችም፤ ላስቲኩን በቢላዋ ቀደደች፣ ሞተሩን በደረቅ ጨርቅ ጠረገች፣ በአቡጀዲ አለበሰችው። ከሥሩም አንድ ቅርጫት ከሰል አኖረች፤ ከሰሉ እርጥበት ሲጠጣ እያወጣች ፀሐይ ታሰጣዋለች።

ሠርፀ የተወላት ዘይት በሁለተኛው ዓመት አለቀ። ደወለችለት።

«ጋሼ፣ ዘይቱ አልቋል፤ የቱን ልግዛ?»

«ቀጭኑን! ወፍራሙ አይሆንም፣ ቀጭኑን ግ…» መስመሩ ተቋረጠ።

ዕድሜዋን በማዕድ ቤት ለፈጀችው ለማሚቱ፣ በዚህ ዓለም ላይ ያለው ዘይት ሁለት ዓይነት ነው፦ የሚረጋና የማይረጋ። ጁባ ታውን ወደሚገኘው ወደ ጅምላ ሻጩ ወደ ሐምዱ ሄደችና ከማይረጋው፣ ምርጡን የሱፍ ዘይት አዘዘች።

«እትዬ ማሚቱ፣» አለ ሐምዱ እየሳቀ፣ «ለደንበኞችሽ በሚረጋው እየጠበስሽ ይሄ የተጣራው ለማን ነው?»

«ለአደራ ነው።»

«አደራ የሚባል ልጅ ወለድሽ እንዴ? ማብሩክ!»

እንዲህ እያለ ዓመታቱ ነጎዱ። ዘንድሮ ግን መዘውሩ እየከበዳት መጣ፤ በሚያዝያ ማርያም ጭራሽ እምቢ አለ። በሁለት እጇ ታገለችው፤ ንቅንቅ አላለም። ለማንም አልተናገረችም። በሳምንቱ ስልኳ ጮኸ፤ ሠርፀ ነበር። «ማሚቱዬ፣ ሐሙስ እመጣለሁ!»

መጣ፤ ጠጉሩ ነጭቷል። አቡጀዲውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ላስቲኬስ?»

«ቀደድኩት።»

አንድ ካንዴላ ፈትቶ አወጣ፤ አሸተተው፤ ደግሞ አሸተተው። «አንቺ ማሚቱ! ይሄ ሞተር ነው ሳምቡሳ?»

«ቀጭኑን ብለኸኝ… የሱፍ ዘይት ነው፤ ከምርጡ!» አለች ማሚቱ።

ሠርፀ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ዘፍ አለ። ቆይቶ ተነሣና መዘውሩን ሞከረው፤ አልዞረም።

«ስሚ፣» አላት። «ዝጎ ከሆነ የያዘው፣ አብቅቶለታል። ዘይትሽ ሙጫ ሆኖ ከሆነ ግን ይለቃል። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም።» በአራቱም ቀዳዳ ነጭ ጋዝ ሞላና እንዳይነካ አዘዘ።

እነዚያን ሁለት ቀናት ማሚቱ እህል አልቀመሰችም። ወጡ ላይ ጨው መርሳቷ እንኳ ደንበኛ ሲነግራት ነው የታወቃት። በዚያ ሁሉ ዓመት የሰው አደራ በልታ አታውቅም፤ አሁን ግን በገዛ ማንኪያዋ፣ ጠብታ በጠብታ፣ የሰው አባት የቀበረች መሰላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሠርፀ መዘውሩን ያዘ። አንዴ ገፋው፤ ምንም። ደገመ። አንዳች ነገር «ጠቅ» አለና መዘውሩ በዝግታ፣ ከዚያም በሙሉ ዞረ። በስልኩ መብራት ቀዳዳውን አንድ ባንድ መረመረ፤ ቀና ሲል ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ ነበር።

«ነይ እዪ! እንደ መስታወት ነው!»

ማሚቱ አጎንብሳ አየች። ጭላንጭል እንጂ ሌላ አልታያትም፤ ቢሆንም በተራዋ ጆንያው ላይ ዘፍ አለች።

«ዘይትሽ ሙጫ ሆኖ ብረቱን ሸፍኖታል፤ ዝገት መግቢያ አላገኘም» አለ ሠርፀ። «ከውጭ ግን የእኔ ላስቲክ ላቡን አፍኖ ሊበላው ነበር። እሱን በመቅደድሽ ነው የተረፈው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ቀጭኑ ያልኩሽ እኮ የሞተር ዘይቱን ነው!»

«ታዲያ የሞተር አትልም? ቀጭኑን ብለህ ዘጋህብኝ!»

ሰኞ ዕለት ሞተሩ ተጠርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ። የመኪናዋ ቁልፍ ሲዞር አስነጠሰው፣ አሳለው፤ ከዚያ ያ የቮልስ ጩኸት ጓሮውን ሞላው። ከማርሚታው የወጣው ነጭ ጭስ የመጥበሻ ሽታ ነበረው፤ አንድ ደንበኛ ብቅ ብሎ «ሳምቡሳው ደረሰ?» ሲል ጠየቀ።

ማሚቱ የማከማቻውን ቁልፍ ከማተቧ ፈትታ ዘረጋችለት። «ተረከብ፣ ጋሼ።»

«ተረክቤያለሁ» አለ ሠርፀ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ እየተቀበለ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ይህችን አንዲት ቃል ነበር።

በሚቀጥለው ማርያም፣ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ እግሯ እንደ ልማዱ፣ ከዚያ ወዲህ ተቆልፎ ወደማያውቀው ማከማቻ ወሰዳት፤ ማንኪያና ዘይት ይዛ ከባዶው መደብ ፊት ቆመች። ብቻዋን ሳቀች። ወደ ማዕድ ቤቷ ተመለሰችና ያን ምርጥ የሱፍ ዘይት ለደንበኞቿ መጥበሻ ላይ ገለበጠችው።