እመቤታችንን ማን ያልብሳት?

ሐሙስ ዕለት፣ ገና ረፋዱ ላይ፣ ሮኪና ሁለተኛውን ለማኝ ከደጇ መለሰች። ለማኝ ስል ዳቦ የሚለምን እንዳይመስላችሁ፤ ዳቦማ ቢሆን ግማሹን ቆርሳ ሰጥታ በተገላገለች። የሚለምኗት እጇን ነው። እሑድ የእመቤታችን ንግሥ ነው፤ ከተማውን ዞራ የምትገባው ምስል ግን እስካሁን በውስጥ ልብሷ ቆማለች። ሮካስፒና በምትባለው በዚህች የተራራ ጫፍ ከተማ እመቤታችንን ማልበስ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ ሮኪና፣ ሌላዋ እናቷ ዶናታ። ዶናታ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሮኪና ደግሞ ጴንጤ ናት።

የምስሏ ፊትና እጅ ብቻ ነው የተቀረጸው፤ የቀረው ደረቅ የእንጨት ቋሚ ነው። ያንን እንጨት ሴት የሚያስመስለው አለባበሱ ነው፤ ሦስት የውስጥ ልብስ፣ ቀሚስ፣ መቀነት፣ ከሁሉም በላይ ያ በወርቅ ክር የተጠለፈ ከባድ ካባ፣ ሁሉም ያለ አንዲት ስፌት በስፒል ብቻ የሚያያዝ። ሲያለብሷት በሩ ይቆለፋል። ወንድ አይገባም፤ ቄሱ እንኳ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። ሙያው ከእናት ለልጅ ይተላለፋል እንጂ ለጎረቤት አይሰጥም። አያቷ ለዶናታ አሳየች፣ ዶናታ ለሮኪና። ሮኪና የከተማውን ሙሽሮች ሁሉ ቀሚስ የምትሰፋ ባለሙያ ናት፤ ካባውን ዓይኗን ጨፍና ትሰካዋለች። ነገሩን ያከበደባትም ይኸው ነው። የማይችል ሰው እምቢ ቢል ማን ይቆጣዋል?

የጌታ መንገድ የገባት በሥራዋ ላይ ሳለች ነበር። አንዲት ሙሽራ ልክ ልትለካ መጥታ ትንሽ አዲስ ኪዳን ሰጥታት ሄደች። ሮኪና በስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀምጣ፣ ክር እስክትቀይር ድረስ አንዳንድ ገጽ እያለች ጨረሰችው። ከዚያ በፊት ጸሎት ማለት ሌላ ሰው የደረሰውን መሸምደድ ይመስላት ነበር። ሰው ቁጭ ብሎ በገዛ አፉ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ከፍቶኛል» ማለት እንደሚችል የነገራት አልነበረም። ሲገባት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ከወይን መጋዘኑ ሥር ባለችው አዳራሽ ከሚሰበሰቡት ሃያ ምእመናን ጋር ተቀላቀለች፤ ምስል ማልበሱንም ለእናቷ ብቻ ተወች። ከእናቷ ቤት ግን አልወጣችም። በየማለዳው ለእናቷ የምትጸልያት አንዲት ጸሎት ነበረቻት፦ «ጌታ ሆይ፣ እማዬ አንድ ቀን በገዛ አፏ ታናግርህ።» ዶናታ እንደሆነች መቁጠሪያዋን እየቆጠረች ሃምሳ ጊዜ ሰላም ለኪ ትላለች፤ መሃል ላይ ደግሞ «ድስቱ ገነፈለ፣ አውርጂው!» ብላ ትቀጥላለች።

የዕለቱ የመጀመሪያ ለማኝ ታላቅ ወንድሟ ቪቶ ነበር። ቪቶ የለየለት ኮሚኒስት ነው።

«አንቺ ልጅ፣ በሰው ፊት ልታዋርጂን ነው?»

«ቪቶ፣ አንተ እግዚአብሔር የለም ትል የለ?»

«አዎ፣ የለም!»

«ታዲያ የማን እናት ሆና ነው ላልብሳት የምትለኝ?»

«እሱን ተዪው! እግዚአብሔር ሌላ፣ እመቤታችን ሌላ! አባታችን በተሸከመበት በኩል የምሸከማት እኔ ነኝ። እሑድ ራቁቷን ይዣት ልዙር?»

ኤጭ! እንዲህ ካለው ሰው ጋር ምን ይባላል? በሩን ዘጋችበት። ከእሱ ቀጥለው አባ ኤጂዲዮ ደረጃውን እያቃሰቱ ወጡ።

«ልጄ፣ እመኚ አላልኩሽም» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ስፒሉን ሰክተሽ ሂጂ፤ በቃ። ከሚሸከሟትስ ውስጥ ስንቱ ያምናል መሰለሽ?»

«አባ፣ እርስዎ እንዲህ ካሉ እኔ ምን ልበል? ስለማምን እኮ ነው እምቢ ያልኩት!»

አባ ኤጂዲዮ መሐረባቸውን አጣጥፈው ደረጃውን ወረዱ።

ሦስተኛው ደግሞ ሊለምን ሳይሆን ሊከለክል መጣ። ወንድም ካኒዮ የአዳራሹ ሽማግሌ ነው።

«እህት ሮኪና፣ ጌታ ይባርክሽ። ቀሚሱን እንኳ እንዳትተኩሺ።»

«እሺ፣ ወንድም ካኒዮ።»

«ስፒልም እንዳታቀብዪ።»

«እሺ።»

«በቤተ ክርስቲያኑ ደጅም እንዳታልፊ።»

«ዳቦ ቤቱ እኮ እዚያ ነው! በሰማይ ልብረር?»

ይኸው ወንድም ካኒዮ በመኪናው ወንበር ሥር ለቡዳ መከላከያ የምትሆን ቀይ ቀንድ ደብቋል። አንድ ቀን አግኝታት «ይቺስ?» ብትለው «የድሮው ባለመኪና ረስቷት ነው» አላት። መኪናውን ከነላስቲኩ አዲስ ነው የገዛው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እንዲህ ነው።

ከሁሉም የባሰችው ግን ዶናታ ነበረች። ከሰኞ ጀምራ ልጇን አኩርፋ፣ የምትለው ነገር ሲኖራት ለድመቷ ነው የምትናገረው። «ድመቴ፣ የፓስታው ሱጎ ጨው በዝቶበታል በያት።» «ድመቴ፣ ሙያዬን የምትወርስ ልጅ ነበረችኝ፣ ወሰዱብኝ በያት።» ሮኪና «እኔም ለድመቷ ልመልስ?» ብላ ብትጮህ፣ ዶናታ ድመቷን መዳበሷን ቀጠለች። ሮኪና እውነቱን ለመናገር ከንዴቷ ይልቅ ፍርሃቷ ይበልጥ ነበር። የሰማንያ ሦስት ዓመት ሴት ናት። እንዲህ እንደተኳረፉ ብትሞትስ?

ከምሳ በኋላ ጎረቤታቸው ፊሉቺያ በመስኮት ጮኸች።

«ሮኪና! እናትሽ ስፒሏን ይዛ ብቻዋን ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባች! መሰላል ላይ ልትወጣ ነው!»

ሮኪና ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጠች። በሩ ተቆልፏል።

«እማዬ! ክፈቺ!»

ከውስጥ ድምፅ መጣ፦ «ድመቴ፣ ካልነካሻት ለምን መጣሽ በያት።»

«ድመቷ ቤት ናት፣ እማዬ!»

ትንሽ ቆይቶ ቁልፉ ዞረ። ዶናታ ቀሚሱን እንደምንም አልብሳታለች፤ የቀረው ካባው ነው። ካባው ደግሞ መሰላል ይፈልጋል።

«ልታለብሻት ነው?»

«አይደለም። መሰላሉን ልይዝልሽ ነው፤ ወድቀሽ እንዳትሰበሪ።»

«ልሰበራ! ለአንቺ ምንሽ ነው?»

ይህን ብላ ወጣች። ሮኪና በአንድ እጇ መሰላሉን፣ በሌላው የእናቷን ወገብ ያዘች። ምን ያህል ከስታለች! አጥንቷ ብቻ እጇ ላይ መጣ። ዶናታ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ አንዱን ልትሰካ ስትል እጇ ተርገፈገፈና ወለሉ ላይ ጣለችው።

«አንሺልኝ።»

ሮኪና የወንድም ካኒዮ የተቋጠረ ግንባር ዓይኗ ላይ መጣባት።

«ምን ታያለሽ? ስፒልም ጣዖት ሆነ?»

«አልሆነም።»

«ታዲያ አንሺያ!»

አነሳች። ደግሞ ወደቀ። ደግሞ አነሳች። በስድስተኛው ላይ ዶናታ በከንፈሯ የነከሰቻቸውን ስፒሎች በሙሉ እንትፍ አለቻቸው። ሮኪና ለእመቤታችን ልታመለክት መስሏት ነበር፤ ዶናታ ግን ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች።

«አንተ! ትሰማኛለህ? ስልሳ አንድ ዓመት እናትህን አለበስኩልህ። ለራሴ አንዲት ነገር ለምኜህ አውቃለሁ? አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ፤ እሷን ወሰድክብኝ። በየማለዳው ከአንተ ጋር ስታወራ በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። ከእኔ ጋር እኮ አንድ ቀን እንደዚያ አውርታ አታውቅም! በል፣ ወይ እጄን አረጋጋልኝ፣ ወይ የዚህችን ግትር ልብ አለስልስልኝ። ሁለቱንም እምቢ ካልክ... እንግዲህ ምን አደርግሃለሁ። ደክሞኛል።»

ሮኪና መሰላሉን እንደያዘች ቀረች። ይህችን ቀን ስትለምን ኖራ ኖራ፣ ስትመጣ ክስ ሆና ትምጣ? ያውም በእሷ ላይ! ልትስቅም ልታለቅስም ፈለገች። እናቷ በግድግዳው በኩል ትሰማት ኖሯል። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ በሩን ከፍታ «እማዬ፣ ነይ አብረን» አላለቻትም።

«አሜን በዪ እንጂ!» አለች ዶናታ ከላይ። «አዳራሻችሁ ውስጥ ስትሉት ፒያሳው አደባባይ ድረስ ይሰማ የለ!»

«ለእጅሽ አሜን።»

«ለልብሽስ?»

«ለእሱ ያየው ይፍረድ።»

እጇ አልተረጋጋም። ስፒሉ በስንት መከራ ገባ፤ ካባው ግን በግራ በኩል አንድ ጋት ያህል ዘመመ።

«ዘሟል?»

«ዘሟል፣ እማዬ።»

«ይሁን። አውርጂኝ።»

እሑድ እመቤታችን ስትወጣ ፒያሳው ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ከንፈሩን መጠጠ። ምስሏ ሮኪና ቤት ደጅ ስትደርስ ቪቶ ከነሸክሙ ቆሞ ጮኸ፦ «ይቺ ጴንጤ ናት ሆን ብላ ያጣመመቻት!» ሮኪና ደሟ ፈላ፤ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ዶናታ ከወንበሯ ሳትነሳ ከዘራዋን ድንጋዩ ላይ መታች።

«እኔ ነኝ የሰካሁት! እሷ ጫፏንም አልነካችም። ስልሳ አንድ ዓመት ቀጥ አድርጌ ስሰካ ማን አመሰገነኝ? ዝም ብለህ ተሸከም!»

ቪቶ ዝም ብሎ ተሸከመ።

ሰኞ ምሳ ላይ እናትና ልጅ ፓስታቸውን ይበላሉ። ድመቷ ከጠረጴዛው ሥር ናት፤ ዛሬ ማንም መልእክት አልሰጣትም።

«ሮኪና» አለች ዶናታ፣ ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተክላ። «ያ የለመንኩት ነገር... መልስ ለመስጠት ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

ሮኪና ሹካዋን አስቀመጠች።

«ይለያያል። እኔን ስለ አንድ ነገር አሥራ አንድ ዓመት አስጠብቆኛል።»

«አሥራ አንድ ዓመት! አብደሻል? እኔ እኮ ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው! እንዲፈጥን ንገሪው እንጂ!»

«አልነግረውም» አለች ሮኪና፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ። «ራስሽ ንገሪው፣ እማዬ። እናንተ ተዋውቃችኋል።»