አማና የተቀመጠ መረብ

በቋሚነት የቀጠረኝ የለም። ለአዲስ አበባ መጽሔቶች እጽፋለሁ፤ አንዳንዴም ለሬዲዮ። የሐይቅ ከተማ ሰው ይህን ሥራ ብሎ አይቆጥረውም፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሴት ልጆቼን ይዤ ዋና ሳስተምር የሚያየኝ። ቅዳሜ ደግሞ በእግራችን አርዲቦ ሐይቅ ድረስ እንወጣለን። ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ «እኛ ለእንጀራ የምንገባበትን ውኃ አንቺዬ ለጨዋታ ትገቢበታለሽ» እያለ ይተርበኝ ነበር። እሱ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው።

ለሐይቁ መሟገት የጀመርኩት በዚሁ በዋናው ሰበብ ነው። ልጆቼ እግር ሥር ይርመሰመስ የነበረው የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ከዓመት ዓመት ሳሳ። ምክንያቱ ምርምር አያሻውም፤ ቀዳዳው የጠበበ መረብ መጥቶ እናትና ልጁን አብሮ ይጠርግ ነበር። ጊዜው የለውጡ ሰሞን ነው፤ የሁሉም አፍ ተፈቷል። እኔም ጻፍኩ፤ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ባለሥልጣናቱ አጨበጨቡና ዝም አሉ። ነገሩን የጨረሱት ሽማግሌዎች ናቸው። ለጋራ ጸሎት ወዳጃ ተቀመጡ፤ ዱዓ ተደረገ፤ አጥማጆቹም ጠባብ ጠባቡን መረብ እያመጡ አስረከቡ። ሽማግሌዎቹ እንዳይቃጠል፣ አማና ተብሎ በአደራ እንዲቀመጥ ፈረዱ። «የጮኸችው እሷ ናት፤ እሷው ትጠብቀው» ብለው የእኛ ዕቃ ቤት ውስጥ አስከመሩት።

ከዚያ ጦርነቱ ደረሰ። ከተማው ተያዘ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ገበያው ተበተነ። ባሌ ለሥራ ወጥቶ መመለሻ አጣ። ዋርሳዬ ቀዳዳው የሰፋውን መረብ ሲጥል ውሎ ባዶ እጁን ይገባል። የመጨረሻውን በቆሎ ቀቅለን በላን። ታናሿ ልጄ ራበኝ ማለቱን ስትተው ፈራሁ።

ዋርሳዬን ጠርቼ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩለት። በሩ ላይ ቆመ።

«አማና ነው። ወላሂ እጄን አልሰድበትም፤ አንቺው አውጪው» አለኝ።

ጎትቼ አወጣሁት። የቀሩትም አጥማጆች ሰምተው መጡና የየራሳቸውን ሰጠኋቸው። ዋርሳዬ ያመጣቸው ዓሦች ጣት ቢያክሉ ነው። ከነእሾሃቸው ቀቅዬ ሾርባውን ለልጆቼ አጠጣሁ፤ እኔም ጠጣሁ። ያን ጊዜ ለሐይቁ ቅንጣት አላዘንኩም።

መንገዱ ሲከፈት እህል ገባ፤ ባሌም መጣ። ጠባቡ መረብ ግን ከውኃው አልወጣም። ዋርሳዬን እንዲመልስ ለመንኩት።

«ልጆችሽ ሲርባቸው ያልጠበበው አሁን ጠበበ?» አለኝ።

በጣም ተናደድኩ፤ ጥዬው ወደ ቤቴ ገባሁ። አንድ መጽሔት ስለ ሐይቁ ጻፊልን ብሎኝ ነበር። ወረቀቱ ፊት ተቀምጬ እነሳለሁ። በዚህ ከቀጠለ ሐይቁ ባዶ ውኃ ሆኖ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ግን በየትኛው አፌ ልናገር?

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ። ዋርሳዬና ሌሎቹም አጥማጆች ተጠርተው ተቀምጠዋል። አማናውን ያወጣሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። አንጋፋው ሸህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው ደግ አድርገሻል። መረቡ ግን ይመለስ። አሁን ደግሞ እሱ ቤት ይቀመጥ» ብለው ወደ ዋርሳዬ ጠቆሙ።

«የኔው መረብ?» አለ ደንግጦ።

«የሁሉም።»

ከዚያ ወዲያ አኩርፎኝ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ከልጆቼ ጋር ከዋና ስንመለስ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ሰፊውን መረብ ሲጠግን አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ደስ አለሽ አይደል?» አለኝ። «የአገሩ አማና ቤቴ ተከምሮ በምን ዓይኔ ነው ጠባብ መረብ የምጥለው? ቢቀጡኝ ይሻለኝ ነበር። አመኑኝ እኮ!»