የእጃጂዋ ምሰሶና የሩቁ ባሕር

እጃጂ አጠገብ፣ በአንድ ሽማግሌ ማሳ ጠርዝ ላይ፣ ከጉልበት የማትበልጥ የሲሚንቶ ምሰሶ አለች። የአካባቢው የከፍታ ልኬት የሚነሣው ከእሷ ነው። በየጊዜው ከአምቦ እየሄድኩ፣ የጂፒኤስ መሣሪያ ተክዬ፣ አለመነቃነቋን የማረጋግጠው እኔ ነበርኩ።

አንድ ዓመት ግን የጠዋቱ ውጤት ከከሰዓቱ፣ የዛሬው ካለፈው ሳምንት በጥቂት ሚሊሜትር እየተለያየ አስቸገረኝ። ለእኛ ሥራ ያ ብዙ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ለካሁ። በሦስተኛው በጣም ደክሞኝ ስለነበር ሪፖርቱ ላይ «ምሰሶው የተነቃነቀ ይመስላል፤ አጠገቡ ይታረሳል» ብዬ ጻፍኩና ተገላገልኩ።

ሽማግሌው አምቦ ድረስ ወደ ቢሯችን ተጠሩ። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አቀርቅሬ፣ ኃላፊያችን «ሲያርሱ ነክተውት ይሆን?» ብሎ ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

«አልነካሁትም፤ ጌታ ምስክሬ ነው» አሉ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። በሳምንቱ እንደገና ተጠሩ፤ እንደገና ያንኑ መለሱ።

ከዚያ በኋላ ሥራ አልገፋ አለኝ። አብራኝ ለተማረች፣ አሁን አዲስ አበባ ለምታስተምር ጓደኛዬ ደወልኩ።

«ከየትኞቹ የጂፒኤስ ጣቢያዎች ጋር አያይዘህ ነው ያሰላኸው?» አለችኝ።

«ከሩቆቹ ጋር። አንዱ ጅቡቲ በኩል ነው፣ ውሃው አጠገብ።»

«የባሕሩን ጫና አርመሃል?»

«እጃጂ ላይ ደግሞ ምን ባሕር አለ?»

ሳቀች። «ባሕር ሲሞላ ውሃው የዳርቻውን መሬት ይጫነዋል፤ መሬቱ ዝቅ ይላል። ሲጎድል ተመልሶ ይነሣል። በቀን ሁለት ጊዜ እንዲህ ነው። አንተ ደግሞ ምሰሶህን የለካኸው ከዚያ መሬት ተነሥተህ ነው። ሶፍትዌሩ ማረሚያ አለው፤ አላበራኸውም።»

አብርቼ እንደገና አሰላሁ። የጠዋቱም የከሰዓቱም ገጠመ። ምሰሶዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ድካም ብቻ ተሰማኝ። የማስተካከያ ደብዳቤ ጽፌ ለኃላፊው ሰጠሁና በማግስቱ በሚኒባስ እጃጂ ሄድኩ።

ሽማግሌውን ደጃፋቸው ላይ አግኝቼ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«አከም ጂርቱ፣ አባቴ?»

«ፈየ፤ ደግሞ ልትጠራኝ መጣህ?»

«አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ምሰሶው አልተነካም።» የባሕሩንም ነገር እንደምንም ብዬ አስረዳኋቸው።

«ባሕሩ ሩቅ ነው?»

«በጣም ሩቅ ነው።»

«እሱ መሬት ሲጫን፣ የምጠራው እኔ ነኝ?»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቅር ማለታቸው ይሁን መታዘባቸው አልገባኝም።

«ሌላ ጊዜ ከመጻፍህ በፊት መጥተህ ጠይቀኝ» አሉ። «ቤቴን ታውቀዋለህ።»

ከዚያ እስከ ማሳው ሸኙኝ። እንደገና እንዳይጠሩ ፈርተው በምሰሶዋ ዙሪያ ሰፊ መሬት ሳያርሱ ትተዋል። ጤፍ የሚዘራበት ጊዜም አልፏል። ያን ክረምት እዚያ ላይ የበቀለው ሣር ብቻ ነበር።