ከጠጠሩ ሥር የሚገፋው ውሃ

ዓሣ ማራቢያው ውስጥ የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ የሞተ እንቁላል መልቀም ነበር። የትራውት እንቁላል፤ ትራውት የሳልሞን ዘመድ የሆነ ዓሣ ነው። ደህናው ብርቱካናማ፣ የሞተው ነጭ። አለቃዬ ካረን ወረንጦ ሰጥታኝ ዞር ስትል ትሪውን ከነውሃው እንደ ምስር ሰፌድ አንገዋለልኩት። ነጩ አንድ ጥግ ይሰበሰብልኛል ብዬ ነው። በሦስተኛው ቀን ትሪው በሙሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ።

ካረን አልጮኸችም። "ዐይኑ እንደ ጥቁር ነጥብ እስኪታይ ድረስ ፅንሱን መናወጥ ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ይችለዋል" አለችኝ።

ከምኖርበት ሰፈር ከታራዴል ራይድ የሚሰጡኝ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ጋሽ ተፈራ ግን አልማሩኝም። "ምስሩ ተለቀመ?" ይሉኝ ነበር በየጠዋቱ።

ኮሌጅ አልገባሁም። የውሃውን ሙቀት በደብተር እየጻፍኩ ነው የተማርኩት። ሲቀዘቅዝ ፅንሱ ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይቸኩላል።

በኋላ ዐይን ያወጣውን እንቁላል እዚያው እንዲፈለፈል በሳጥን አድርገን ኮክረን ከምትባለው ከተማ ወዲህ ወንዙ ጠጠር ውስጥ መቅበር ጀመርን። ሁለት ዊንተር ሙሉ እንቁላሉ ሞቶ አለቀብን። ደለሉ በጠጠሩ መሀል እየገባ አፈነው።

"ዘንድሮም ከሞተ ሥራው ይዘጋል" አለች ካረን።

ቦታ ልንመርጥ ስንወርድ ዳር ዳሩ በረዶ ነው፤ አንዲት ጥግ ብቻ በረዶ አልሠራችም። ቴርሞሜትር ነከርኩ፤ ከሌላው ሞቅ ይላል። ጓንቴን አውልቄ እጄን ጠጠሩ ውስጥ ሰደድኩት። ውሃው ከሥር እየመጣ መዳፌን ይገፋል። ምንጭ ነው፤ ከሥር እየገፋ ደለል አያስገባም።

"እዚህ እንቅበር።"

"ካርታው ላይ የተመረጠው እዚያ ማዶ ነው" አለች።

"ካርታው እጁን አልነከረም።"

ሳጥኖቹን ቆጠረች። ከዚያ ግማሹን ሳጥን ለእኔ፣ ግማሹን ለካርታው ሰጠች።

በጸደይ መጀመሪያ የካርታውን ከፈትን፤ ጭቃና ነጭ እንቁላል። የእኔን ስከፍት የዓሣ ጫጩቶቹ ብርቱካናማ የአስኳል ስንቃቸውን ከሆዳቸው ሥር አንጠልጥለው ይርመሰመሳሉ። ካረን ውሃው ውስጥ ተንበረከከች።

"ቁጠሪያቸው" አለችኝ።

"መቼ ይቆሙልኛል!"

ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እትዬ፣ መኪናው ዝግጁ ነው" አሉኝ። ሃያ ዓመት ይበልጡኛል። እስከ ዛሬም እትዬ ነኝ።

ሥራው አልተዘጋም፤ አሁን ሳጥኖቹ በሙሉ ምንጭ ላይ ይቀበራሉ።

ለአዲስ ገቢዎች የማሳየው ሁለት ነገር ነው። ዐይን ሳያወጣ እንቁላሉን አትነቅንቁት። ቦታ ስትመርጡ ካርታውን አንብቡ፤ ከዚያ ጓንታችሁን አውልቁ።