ሳልታመም የተጠየቅሁበት ቤት

ወደ ዳባት የሄድኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። እዚያው ተወልጄ፣ በአምስት ዓመቴ ከአባቴ ጋር ካርቱም፣ ከዚያም ሆላንድ ሄጄ አደግሁ። ሰው ዓይን አላይም፣ ጫጫታ ያመኛል፣ ሲነኩኝ እደነግጣለሁ። ሆላንዶቹ መምህሮቼ "የአገሯ ባህል ነው" ይሉ ነበር። አድጌ አዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ ዘመዶቼ "ፈረንጅ አገር አበላሻት" አሉ። ሁለት አገር እየተቀባበለ ሲያማኝ ኖሮ፣ አርባን ካለፍኩ በኋላ ሐኪም ኦቲዝም እንዳለብኝ ነገረኝ።

እኔ ግን ማመን አቃተኝ። የምክር አገልግሎት የምትሰጠኝ ባለሙያ እሷም በሁለት አገር ያደገች ናትና ጭንቀቴ ገባት። "ከመሄድሽ በፊት የሚያውቅሽ ሰው አለ?" አለችኝ። አንድ ሰው አሉ፤ እናቴ እኔን ስትወልድ ስለሞተች እስከ አምስት ዓመቴ ያሳደጉኝ የአባቴ እኅት፣ እትዬ ጥሩነሽ። እንዲህ ሆኜ ነው የሄድኩት ወይስ ሄጄ ነው እንዲህ የሆንኩት? አባቴ ስለሞተ መልሱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ለልጃቸው ለአበጀ ደወልኩለት። ሐኪም ኦቲዝም የሚባል ነገር አለብሽ እንዳለኝና እናቱን ላያቸው እንደምመጣ ነገርኩት። "መድኃኒት አለው?" አለኝ። "የለውም" አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። እኔም ስልኩን ዘጋሁ።

ከጎንደር ወደ ዳባት

መንገዱ ሰላም መሆኑን አጠያይቄ ጎንደር በአውሮፕላን ገባሁና ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ለሻንጣዬ ለብቻው አስከፈለኝ። ሙዚቃው ሲበዛብኝ የጆሮ መድፈኛዬን ሳደርግ አይቶ "እኅቴ፣ ዘፈኑ ባይጥምሽ እንኳ ሂሳብ ስጠይቅ ስሚኝ" አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፤ አረንጓዴው ዓይን ያሳርፋል።

አበጀ መናኸሪያ ጠብቆኝ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ክንዴንም ሊደግፍ ዳዳውና ተወው። "ቀስ እያልሽ" አለኝ። መንገዱ ወጣ ገባ ስለሆነ መሰለኝ።

እትዬ ጥሩነሽ ቤት

መደቡን ጎረቤት ሞልቶታል። መግቢያው ላይ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤ ጉንጬን እያገላበጠ የሚስመኝን ሰው ሁሉ በሐሳቤ እየቆጠርኩ። ግን ማንም ሊስመኝ አልመጣም። ሁሉም ከተቀመጠበት ብድግ እንደማለት እያለ "እግዜር ይማርሽ" አለኝና ተቀመጠ። እትዬ ጥሩነሽም ከማዶ ሆነው ያዩኛል። አንዷ ዳቦ፣ ሌላዋ የገብስ ቆሎ አምጥታ ታስቀምጥና ዝም ብላ ትቀመጣለች። ለምን እንዳላገባሁ የጠየቀኝ የለም። በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸኝ ስብስብ አላውቅም። ይህን የመሰለ አገር እያለኝ የት ነበርኩ አልኩ በልቤ።

ከዚያ አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ "ገና እኮ ምኗም አልተነካ" አለች። ያኔ ገባኝ። ሰዎቹ በሽተኛ ሊጠይቁ ነው የመጡት።

"አልታመምኩም እኮ" አልኩ።

አበጀ ዞር ብሎ አየኝ። "መድኃኒት የለውም አላልሽም?"

"የለውም። በሽታ አይደለማ።"

"እንዴ፣ ታዲያ ይኸን ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅኸኝም።"

እንደምንም አስረዳኋቸው። ድምፅም፣ ብርሃንም፣ የሰው እጅም ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚበረታብኝ፣ አእምሮዬ ሲፈጠር እንዲህ መሆኑን ሐኪሙ እንደነገረኝ አወራሁ። ከዚያ ጥያቄዬን ለእትዬ ጥሩነሽ አቀረብኩ። "ልጅ ሳለሁ እንዴት ነበርኩ?"

"አይ ልጄ፣ ለዚህ ነው ይኸን ሁሉ አገር ያቋረጥሽ?" አሉ። "ገና ዳዴ ስትይ ሰው ሊስምሽ ሲመጣ ከጎታው ኋላ ትገቢ ነበር። አባትሽ እንግዳ በመጣ ቁጥር 'አትሳሟት፤ ከደጅ ሁናችሁ ስሟን ጥሩላት፣ ራሷ ትመጣለች' ይል ነበር። ትመጭም ነበር።"

"ታዲያ ከሆላንድ ስመለስ አዲስ አበባ መጥተው ሲያዩኝ ለምን አልነገሩኝም?"

የቀሚሳቸውን ጫፍ ማፍተልተል ጀመሩ። "ስታድጊ የሚለቅሽ መስሎኝ ነዋ። ልስምሽ ስል ወደ ኋላ ስትይ፣ ናቀችኝ አልሁ። የሰው አገር ልጄን ወሰደብኝ ብዬ ሳለቅስ ነው ያደርሁት።"

"አልናቅሁዎትም፣ እትዬ።"

ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። "ሰማችሁ? አልናቀችኝም" አሉ፤ ድምፃቸው ተቆራረጠ። እኔም አለቀስኩ። ደህና መሆኔን ያረጋገጠች አንዲት ጎረቤት አሁን በደንብ ልትስመኝ ስትነሣ፣ እትዬ ጥሩነሽ በእጃቸው ከለከሏት። "ተይ አንቺ። ስሟን ጥሪላት።"

ቡይት ራስ

አበጀ ደባርቅ ላይ የጎብኚ ዕቃ በበቅሎ በመጫን ይተዳደራል። ለእኔም ጸበል ሊያደርሰኝ አንዷን በቅሎ ለይቶ እዚያው አቆይቷት ነበር። ከተዘጋጀች አይቀር ብለን በማግስቱ ማለዳ በመኪና ደባርቅ ደርሰን፣ ተራራው ላይ ወዳለው ቡይት ራስ ወጣንባት። ጦስኝ ይሸታል፤ ከገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። አበጀ ልጓሙን እንደያዘ "ላውራ ወይስ ዝም ልበል?" አለኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። "አውራ፣ ግን ቀስ ብለህ" አልኩት። እስከ ማታ አወራ፤ አልሰለቸኝም።

ስመለስ እትዬ ጥሩነሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው ጠበቁኝ። "የሻረግ" ብለው ጠሩኝ። ሄድኩና ግንባሬን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩ። እጃቸውን አላነሡም። በማግስቱ ስሸኝም እንዲሁ ተሰነባበትን።

አዲስ አበባ

ለአማካሪዬ "እንዲህ ሆኜ ነው የሄድኩት" አልኳት። ሁለቱንም አገር ከሳሽ አድርጌ መኖሬ እንደበቃኝም ነገርኳት። ሐኪሙ የሰጠኝ ስም ከዚያ ቀን ወዲህ አይከብደኝም፤ መጀመሪያ ያወቀኝ አባቴ ነበርና።

ቤቴ እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ጥሩነሽ ናቸው።

"ገባሽ?"

"ገባሁ" አልኩ። የጠየቁኝ ይህንኑ ብቻ ነበር። ስልኩን ልዘጋ ስል መለስ አልኩና፣ ሳልጠየቅ፣ "ናፍቀውኛል" አልኳቸው።